ከአቃቂ ወጣ ብሎ ያለው የግራር ችግኝ መሸጫ

ወደ ዱከም መውጫ፣ መንገድ ዳር ነው ያለው። ሁሉም የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ በሚሸጥበት ዘመን አገር በቀል ግራር ማግኘት በጣም ደስ ይላል። የሚሸጡት አባት ሥራቸውን አብጠርጥረው ያውቁታል። የግራር ዘር ልባሱ ድርቅ ያለ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳድረው ነው የሚዘሩት፤ ሜዳ ላይ ይህን ሥራ የምትሠራው ፍየል ናት፣ ፍሬውን በልታ ዘሩን ከበጠጡ ጋር ስትጥለው ልባሱ ሳስቶ ለመብቀል ይቀለዋል። አንዷን ችግኝ ከፕላስቲኩ አውጥተው ሥሯን አሳዩኝ። ጥቃቅን እባጮች አሏት። ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ለዛፉ የሚያቀርቡት ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ደግሞ አፈሩም ይጠግባል፤ ከቢሾፍቱ ወዲያ ገበሬው ጤፍ ማሳው መሃል ግራር የሚተወው ለዚህ አይደለም እንዴ!

አንድ ቅሬታ አለኝ። ቆየት ያሉት ችግኞች ሥራቸው ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዟል። ግራር በጋውን የሚያልፈው ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ስለሆነ እንዲህ ያለው አያዛልቅም። ትንንሾቹን ምረጡ። ዋጋው አይጎዳም። ክረምቱ እንደገባ ሂዱ፣ ሰፈራችሁ ፍየል ካለ ደግሞ ቶሎ አጥሩለት።