በአነስተኛ በጀት ውሻን መመገብ፦ ደረቅ፣ የታሸገ ወይስ ቤት የሚበስል?

ለውሻ ምግብ ሲገዙ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው የኪሎው ዋጋ ላይ ነው። የኪሎ ዋጋ ግን ብቻውን ያሳስታል፤ አንዱ ኪሎ ከሌላው ኪሎ እኩል አያበላም። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ 1,000 ኪሎ ካሎሪ የሚያወጣው ዋጋ ነው። የኪሎውን ዋጋ፣ በኪሎ ስንት ኪሎ ካሎሪ እንዳለው ከረጢቱ ጀርባ ላይ ለተጻፈው ቁጥር ያካፍሉና በ1,000 ያባዙት። አንደኛው ደረቅ ምግብ በኪሎ 100 ቢሸጥና 3,200 ኪሎ ካሎሪ ቢኖረው ሂሳቡ ወደ 31 ይመጣል። አጠገቡ ያለው በኪሎ 115 ቢሸጥና 4,000 ቢይዝ ግን 29 እንኳ አይሞላም። በኪሎ ውድ የመሰለው ሳህን ላይ ሲደርስ ረከሰ ማለት ነው። ካሎሪው ካልተጻፈ ለደረቅ ምግብ 3,500 ብሎ መነሳት ይቻላል።

ሂሳቡን ከመሥራትዎ በፊት መለያው ላይ "የተሟላ" የሚለውን ቃል ይፈልጉ። "ተጨማሪ" ወይም "ማጣፈጫ" የሚል ከሆነ ምንም ያህል ቢረክስ ለብቻው የዕለት ምግብ እንዲሆን አልተሠራም። ለየትኛው ዕድሜ የተሟላ እንደሆነም ይዩ። የአሜሪካ መኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (አፍኮ) መመዘኛ ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ ለአዋቂ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለቡችላ ደግሞ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ይጠይቃል።

የዕለቱ መጠን ስንት ነው? 10 ኪሎ የሚመዝን የተኮላሸ አዋቂ ውሻ በቀን 630 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። 20 ኪሎ የሚመዝነው የሚፈልገው 1,050 ገደማ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ምግቡ እጥፍ አይሆንም። ይህ መነሻ ነው፤ ብዙ የሚሮጥ ውሻ ይጨመርለታል፣ ቀኑን ተኝቶ የሚውል ይቀነስለታል።

ደረቅና የታሸገ

ልዩነታቸውን የሚፈጥረው ውሃ ነው። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን በቆርቆሮ የታሸገው ውስጥ ከ75 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ያንኑ የ20 ኪሎ ውሻ እናብላው፦ በኪሎ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ካለው ደረቅ ምግብ 300 ግራም ይበቃዋል። በኪሎ 900 ካለው የታሸገ ምግብ ግን 1,170 ግራም ያስፈልገዋል፣ ማለትም ባለ 400 ግራሙን ቆርቆሮ በየቀኑ ሦስት። ለትልቅ ውሻ የታሸገ ምግብ ብቻ ማብላት በጀቱን ያናጋዋል።

የፕሮቲኑ ቁጥርም በዚሁ በውሃው ምክንያት ግራ ያጋባል። ቆርቆሮው ላይ 8 በመቶ፣ ከረጢቱ ላይ 24 በመቶ ተጽፎ ሲያዩ ቆርቆሮው ደካማ ይመስላል። ውሃውን ቀንሰው ያስሉት፤ 78 በመቶው ውሃ ከሆነ የቀረው 22 ነው፣ 8ን ለ22 ሲያካፍሉ 36 በመቶ ይሆናል። ደረቁ በተመሳሳይ መንገድ 27 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የታሸገው ምግብ አይናቅም፤ ችግሩ ካሎሪው ውድ መሆኑ ብቻ ነው። ውሃ መጠጣት ለማይወድ፣ የፊኛ ጠጠር ላለበት ወይም ጥርሱ ለረገፈ ውሻ ግን ዋጋው ተገቢ ነው። ጤነኛ ውሻ ደረቁን ካልወደደለት ለብ ያለ ውሃ ቢያፈሱበት ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይነሳል፤ ይህ ምንም አያስወጣም።

ከደረቆቹ መካከል

እጅግ ርካሹን ከመካከለኛው የሚለየው በአብዛኛው የመፈጨት አቅሙ ነው። ይህን ለማወቅ ዓይነ ምድሩን መመልከት ይበቃል። ብዙና ልል ከሆነ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜም ከወጣ ከከፈሉበት ምግብ ገሚሱ እየፈሰሰ ነው። ጠንከር ያለ፣ ሲያነሱት ቅርጹን የማይለቅና መጠኑ ያነሰ ከሆነ ምግቡ ተስማምቶታል። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ሲወጡ የሚያገኙት ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ ከጭማሪው ያንሳል። በተለይ "እህል አልባ" ለሚል ጽሑፍ ተጨማሪ አይክፈሉ። ጤነኛ ውሻ የበሰለ እህል በደንብ ይፈጫል። እንዲያውም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 አተርና ምስር የበዛባቸው እህል አልባ ምግቦች ከልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመሩን አስታውቋል፤ ምክንያትና ውጤት መሆናቸው ግን አልተረጋገጠም።

ትልቁ ከረጢት በኪሎ ይረክሳል፣ ግን ከተከፈተ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቀውን ይግዙ። ከዚያ በኋላ ስቡ እየተበላሸ ይሄዳል፣ ቫይታሚኖቹም ይቀንሳሉ። ምግቡን ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በቀጥታ ዕቃው ውስጥ ካፈሰሱት ግድግዳው ላይ የሚቀረው አሮጌ ስብ አዲሱን ያበላሻል። እርጥበት የነካውንና የሻገተውን ይጣሉ። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ የውሻን ጉበት አጥፍቶ ይገድላል።

ቤት የሚበስል

ብዙ ሰው በቅን ልቦና የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥጋና ሩዝ ተቀቅሎ ሲቀርብ ከማንኛውም ከረጢት የተሻለ ይመስላል፣ ውሻውም ሳህኑን ልሶ ይጨርሳል። ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶት ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲጎድል ሰውነት ከራሱ አጥንት እየወሰደ ያሟላል፤ አጥንቱ ይሳሳል፣ ቡችላ ከሆነ ይጎብጣል ወይም በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ዚንክ፣ መዳብ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ኢም አብረው ይጎድላሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት 200 የቤት ውስጥ አሠራሮችን መርምረው 95 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎ አግኝተዋል።

የካልሲየሙ ጉድለት በርካሽ ይሞላል። የእንቁላል ቅርፊት አጥበው 10 ደቂቃ ይቀቅሉ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፍጩ፤ ሻካራ ከቀረ በቅጡ አይዋሃድም። ግማሽ የሻይ ማንኪያው ወደ 1 ግራም ካልሲየም ይሰጣል፣ ይህም ለ10 ኪሎ አዋቂ ውሻ የአንድ ቀን ነው። የቀሩትን ግን ቅርፊት አይተካም፤ ለቤት ምግብ ተብሎ የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት መግዛት ግድ ነው። የእሱ ዋጋ ሲጨመር ቤት የበሰለው ከመካከለኛ ደረቅ ምግብ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጉበት ርካሽና ገንቢ ነው፣ ሆኖም ከጠቅላላው 5 በመቶ አይለፍ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ይጎዳል። ለቡችላ፣ በተለይ ለትልቅ ዝርያ፣ ቤት ማብሰል አይመከርም። ካልሲየም ሲያንስም ሲበዛም አጥንቱ ይበላሻል፤ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በዚህ ዕድሜ ይውጣ።

ቅልቅል

ለአብዛኛው ባለ ውሻ የሚያዋጣው ይህ ይመስለናል፦ የተሟላ ደረቅ ምግብ መሠረት ሆኖ ከዕለቱ ካሎሪ እስከ 10 በመቶ የቤት ምግብ ይጨመርበታል። ለ10 ኪሎ ውሻ 10 በመቶ ማለት 63 ኪሎ ካሎሪ ነው፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይህንን ይሞላል። የተቀቀለ ካሮት ወይም አጥንቱ የወጣለት ዓሣም ይሆናል። የጨመሩትን ያህል ከደረቁ ይቀንሱ።

ትርፍራፊ ከዚህ ይለያል። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ወይም መረቅ፣ ቀዩም ነጩም፣ ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ቸኮሌትና ዛይሊቶል የተባለው የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ መርዝ ናቸው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። የተቆረጠ ጮማ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ለዚያ የሚከፈለው የሕክምና ወጪ የብዙ ወር ምግብ ይገዛል።

የትኛውንም ቢመርጡ በኩባያ ሳይሆን በወጥ ቤት ሚዛን ይለኩ። ኩባያ በየእጁ ይለያያል፣ ለትንሽ ውሻ 20 ግራም ትርፍ ብዙ ነው። ጎድኑን በመዳፍዎ ይዳስሱ፤ የእጅዎን ጀርባ አጥንት ሲነኩ እንደሚሰማዎት ከተሰማዎት ልክ ነው፣ ተጭነው መፈለግ ካስፈለገ ወፍሯል፣ ከሩቅ ከተቆጠረ ከስቷል። በ48 ላብራዶሮች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ከአቻዎቻቸው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረዋል።

ወደ አዲስ ምግብ ሲቀይሩ በሳምንት ያዳርሱት፦ ሁለት ቀን ሩቡን፣ ሁለት ቀን ግማሹን፣ ሁለት ቀን ሦስት አራተኛውን፣ በሰባተኛው ቀን ሙሉውን። መሀል ላይ ተቅማጥ ከጀመረው ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሰው ሁለት ቀን ይቆዩ። ደም ከታየበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ቡችላ ከሆነ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።