ብዙ ፎቶ ወደ አንድ፦ ስልክ ልግዛ ወይስ ካሜራ?

መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቀን ላይ ስታነሱ ችግሩ ይገባችኋል። ፊቱ ሲታይ መስኮቱ ነጭ ይሆናል፤ ውጪው ሲታይ ሰውየው ይጠቁራል። መላው ብዙ ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ ነው። ስልክም ካሜራም ይሠሩታል፣ ግን ለየቅል ነው።

የምታነሱት ልጆች ወይም ሠርግ ከሆነ ስልክ ግዙ፤ አልከራከርም። ቁልፉን አንዴ ስትነኩ ፎቶዎቹን በፍጥነት ደራርቦ ያነሳል፤ በእንቅስቃሴ ምክንያት ያልገጠመውን ክፍል ትቶ የቀረውን ያዋህዳል። የዘንድሮ ስልክ ደግሞ ግድ አይደለም። ጎግል የሌሊት ሞዱን፣ ማለትም ጨለማ ውስጥ ብዙ ፎቶ አንስቶ የሚያዋህደውን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣ የ2016ቱ የመጀመሪያው ፒክስል ስልኩ ሳይቀር ደርሶታል። አይፎን ከሆነ ከ11 በታች አትውረዱ። ኤስኢ የሚባሉት፣ ከ11 በኋላ የወጡትም ጭምር፣ የሌሊት ሞድ የላቸውም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

የስልኩ ድክመት የሚጋለጠው ፎቶው በትልቁ ሲታተም ነው። ፀጉርና ቅጠል የተቀባ ሥዕል ይመስላል።

ለሆቴል ክፍል፣ ለሕንፃ፣ ለሚሸጥ ቤት ግን ካሜራና ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ)። ብራኬቲንግ የሚባለው ሞድ ሦስት ፎቶ ያነሳል፦ ጠቆር ያለ፣ መካከለኛ፣ ፈካ ያለ። ላይትሩም የሚባለው ሶፍትዌር ሦስቱን ራው ፋይሎች (ካሜራው ያላቀነባበራቸውን ጥሬ ፎቶዎች) አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያም በኋላ እንደልባችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው ሁጊን የሚባለውን ሶፍትዌር ያውርድ። ነፃ ነው፤ ኤንፊዩዝ የሚባለው ማዋሃጃም አብሮት ይመጣል። አጠቃቀሙ መጀመሪያ ያንገሸግሻል፣ ውጤቱ ግን አያሳፍርም።

ጨለማ ውስጥ የሚመጣውን ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ) ለመቀነስ ብርሃኑን መለዋወጥ አያስፈልግም። አንድ ዓይነት 4 ፎቶ ስታዋህዱ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ ሩብ ለማውረድ ግን 16 ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ልፋት ብቻ ነው።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሜኑው ውስጥ ብራኬቲንግ መኖሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ እዩ። ካነን 2000ዲ አለው። ኒኮን ዲ3500 የለውም፤ ዲ5600 ግን አለው። ዲ3500 በእጃችሁ ካለ ብርሃኑን በየፎቶው ራሳችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። ብቻ ቁልፉን በነካችሁ ቁጥር ካሜራው ትንሽ ስለሚነቃነቅ፣ ከማዋሃዳችሁ በፊት ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹን እንዲያገጣጥም እዘዙት።