ባለ 75 ዋቷ ካርድ እና የቱሉ ዲምቱ መብራት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይደበዝዛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ እልም ይላል። ተማሪ ደግሞ ከክፍል ተመልሶ ጌም የሚከፍተው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ኮምፒውተሬን ከገጠምኩ ወራት አልፈዋል። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የጌሙ ፍጥነት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አለመጥፋቱ ነው።

ዕቃው ይሄ ነው፦ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ ትልቁ ታወር። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4590፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ። የጌሙን ምስል የምትሠራው ግራፊክስ ካርዷ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ናት፤ በፈረንጆቹ 2016 የወጣች፣ ባለ 4 ጊጋ ሜሞሪ። አሮጌ ናት፤ አልክድም። ግን የምትበላው 75 ዋት ነው። ይህን ያህል ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ስሎት ራሱ ይሰጣታል። ለማሽኑ ኃይል ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ሌላ ገመድ አትፈልግም። (ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቁ ሞዴሎችም ስላሉ ስትገዙ ጎኗን እዩ።) ሰካኋት፣ ድራይቨር ጫንኩ፣ አለቀ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሻጭ ግን አጥብቆ ሞግቶኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ይቺን ተዋት። 8 ጊጋውን አርኤክስ 580 ውሰድ። ትንሽ ብር ነው የምትጨምረው።» ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ። ትንሹ ብር የቱ ነው? 580 ለብቻው 185 ዋት ይበላል። የዚህ ዴል ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 290 ዋት ነው፤ ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድም የለውም። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ብል ማዘርቦርዱ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ገመድ አይቀበልም፤ አዳፕተር ይፈልጋል። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም በትልቅ ይቀየራል። ሦስት ወጪ መጣ ማለት ነው።

በዚያ ላይ 580 ተብለው ከሚሸጡት መካከል 2048 ኤስፒ የሚባል አለ። ስሙ 580 ይሁን እንጂ ኮሮቹ 2304 ሳይሆኑ 2048 ናቸው። ውስጡ ዝቅ ያለው ካርድ፣ አርኤክስ 570 ነው። ይህን ሳይናገሩ ለተማሪ መሸጥ ነውር ነው። ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የት እንደደረሰ ሻጭ ያጣዋል? እኛ ይዘን የምንመጣው የእናት የአባታችንን ብር ነው።

ዩፒኤሴ ትንሿ 650 ቪኤ ናት። መብራቱ ሲወርድ ጠቅ ትላለች። ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ትጀምራለች። ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ዋይፋዩንም እዚያው ላይ ስለሰካሁት ካውንተር ስትራይክ አይቋረጥም፤ ራውንዱን ጨርሼ ቡድኔን ተሰናብቼ እወጣለሁ። የክፍል ፕሮጀክት ላይ ከሆንኩም ሴቭ አድርጌ በሥርዓቱ አጠፋለሁ። ትልቅ ካርድ የገዛ ጓደኛዬ ማሽን ግን መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ይላል። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶበት የሴሚስተር ሥራው አብሮ ሄዷል። ያን ቀን ፊቱን ላየ ሰው ስለ ፍሬም ብዛት ማውራት ያስጠላል።

ጌሙስ? ጂቲኤ 5 በ1080 ፒ ደህና ይሄዳል። ፊፋም እንደዚያው። አዳዲሶቹን ከባድ ጌሞች አትችልም፤ 4 ጊጋ አይበቃቸውም። ዊንዶውስ 11 ፕሮሰሰሩን በይፋ አይደግፍም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ይሄ ያሳስበኛል። ቢሆንም ነገ እንደ አዲስ ግዛ ብባል ይህንኑ እገዛለሁ።

ብር ሲገኝም መጀመሪያ የምቀይረው ካርዷን አይደለም። የዩፒኤሷ ባትሪ እየደከመ ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ ለብቻው ይሸጣል፤ እሱን እገዛለሁ።