ያፋን በሩጫ፦ ዳርቻው ወይስ ኮረብታው?

በእስራኤል፣ ከቴል አቪቭ ጋር የተያያዘችውን ጥንታዊ የወደብ ከተማ ያፋን እየሮጡ ለማየት ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ከሰዓት ማማው ተነስቶ ባሕሩን ይዞ ወደ ቴል አቪቭ የሚወስደው የእግረኛ መንገድ ነው። ሜዳ ስለሆነ ለፍጥነት ይመቻል። ግን ከቻርልስ ክሎር ፓርክ ወዲያ ሆቴል በሆቴል ነው።

ሌላው ኮረብታው ላይ ያለው አሮጌው ከተማ ነው። እዚህ ሰዓታችሁን እርሱት! ደረጃው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የለሰለሰው ድንጋይ፣ በተለይ እርጥብ ከሆነ፣ ያንሸራትታል። ጠባቦቹ መተላለፊያዎች የተሰየሙት በ12ቱ ኮከቦች ነው፤ እኔ የራሴን ኮከብ ስፈልግ ሁለቴ ጠፍቻለሁ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስትቆሙ የቴል አቪቭ ዳርቻ ከሥራችሁ ይዘረጋል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ጥንታዊው ወደብ።

እኔ ኮረብታውን እመርጣለሁ። ረጅም ሩጫ ካላችሁ ግን ዳርቻው ይሻላል። በሞቃታማዎቹ ወራት ወበቁ አይቻልም፤ ማልዳችሁ ውጡ።