ያገለገለ ኳድሩፖል ወይስ ታይም ኦፍ ፍላይት?

ኮምቦልቻ ላይ ላብራቶሪ ልክፈት ያለ ሰው ሁሉ ይደውልልኛል። «የትኛውን ማስ ስፔክትሮሜትር ልግዛ?» ነው ጥያቄው። መልሴን አልደብቅም፤ ያገለገለም ቢሆን ኳድሩፖል ያዙ።

ማስ ስፔክትሮሜትር ናሙና ውስጥ ምን እንዳለ በክብደት የሚለይ መሣሪያ ነው፤ ኳድሩፖልና ታይም ኦፍ ፍላይት ሁለት ዓይነቶቹ ናቸው። ሁለቱም ናሙናውን አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ያደርጉትና በክብደቱና በቻርጁ ይለዩታል። ኳድሩፖል አራት ዘንግ ነው። እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ አንዱን ዓይነት አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ታይም ኦፍ ፍላይት ግን ሁሉንም እኩል ገፍቶ ያስሮጣል፤ ቀላሉ ቀድሞ ይገባል።

ወደ ብሩ እንምጣ። ያገለገለውን ኳድሩፖል 1.9 ሚሊዮን ብለውኝ ተከራክሬ 150 ሺህ አስቀነስኩ። ለታይም ኦፍ ፍላይቱ የተጠራልኝ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ናሙናውን የሚሸከመው ጋዝ ሂሊየሙና አዮን የሚያደርገው ሽቦ ፊላመንቱ ገና አልተቆጠረም።

እኔ የተበላሁት ግን የመሣሪያውን ውስጥ ከአየር ባዶ (ቫኪዩም) በሚያደርገው ፓምፕ ዘይት ነው። ዋናው ሊትሩ 7,000 ብር ነበር። አንዱ ነጋዴ በ2,500 ሰጠኝ። ጠርሙሱ ታሽጓል፣ ምልክቱም አለ። በሳምንቱ ናሙና ሳላስገባ ስክሪኑ ላይ የክብደት ቁጥሮቹ 43፣ 57፣ 71፣ 85 ተደርድረው ቆሙ። በየመሃላቸው 14 አለ፤ አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን። የዘይት ዱካ ነው። ደህና ዘይትም ትንሽ ይተዋል፤ ይሄኛው ግን ናሙናዬን ዋጠው። ጠርሙሱን ከፍቼ ሳሸት የመኪና ዘይት! 4,500 ብር ላተርፍ ብዬ አዮን ሶርሱን (ናሙናው አዮን የሚሆንበትን ክፍል) ፈትቼ በአሉሚና ዱቄት ሁለት ቀን ስፈገፍግ ዋልኩ። ደግነቱ ኳድሩፖል ስለሆነ በራሴ እጅ ፈታሁት። የታይም ኦፍ ፍላይቱን፣ አዮኖቹ የሚሮጡበትን ረጅም ቱቦ ግን ክፈት ብትሉኝ አልደፍርም።

ታይም ኦፍ ፍላይት የሚበልጥበት ቦታ አለ። የናይትሮጅን ሞለኪውል ክብደቱ 28.006 ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 27.995። ኳድሩፖል ሁለቱንም «28» ብሎ ያልፋቸዋል። የማይታወቅ ውህድ ቀመር የምታወጡ ተመራማሪዎች ከሆናችሁ ግዙት። ግን ቱቦው በሙቀት ሲለጠጥ መንገዱ ይረዝማል፣ ቁጥሩም ይንሸራተታል። በኮምቦልቻ ሙቀት ኤሲ የግድ ነው። ጠለቅ ያለ ቫኪዩም ስለሚፈልግም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያስጠብቃችኋል።

ኳድሩፖል ስትገዙ ሳትከፍሉ አስነሱት። 18፣ 28 እና 32ን እዩ፤ ውሃ፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን ናቸው። 28 ከፍ ብሎ የ32ን አራት እጥፍ ያህል ከሆነ አየር እየገባ ነው። ሻጩ «ዛሬ ማስነሳት አይቻልም» ካላችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ።