የወደቀውን የዓይን ቆብ አንስተው ለሚያዩ ባለሙያዎች

አልማዝ ባለጭራ ግንባርና ዓይን ዙሪያ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ነው፤ በሽታው ግን ዓይንን የሚያዞሩትን ነርቮችም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ምስጋና ከቁስሉ ጀርባ ዓይኑ መዞር አለመዞሩን ለሚፈትሹት፣ በየሆስፒታሉ ዓይን ክፍል ለሚሠሩ ነርሶችና ኦፕቶሜትሪስቶች (የዕይታ መርማሪ ባለሙያዎች) ነው። ስማቸው እምብዛም አይነሳም።

ምርመራቸው ሲያዩት ቀላል ነው። ታማሚው አንገቱን ሳያዞር የብዕር ጫፍ እንዲከተል ያደርጋሉ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ከዚያም ወደ ማዕዘኖቹ። ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ያበጠውን ወይም የወደቀውን ቆብ በእርጥብ ጥጥ ቀስ አድርገው ያነሱታል። ቆቡ ዓይኑን ስለጋረደው ብቻ "ሁለት ሆኖ አይታየኝም" ያለ ሰው፣ ሲነሳለት ፊቱ የቆመችው ነርስ ሁለት ትሆንበታለች።

ቀጥሎ ዓይኖቹን ተራ በተራ ይሸፍናሉ። አንዱ ሲሸፈን ድርቡ ምስል ከጠፋ ሁለቱ ዓይኖች እኩል እየዞሩ አይደለም፤ ካልጠፋ ኮርኒያውን (የዓይኑን የፊት ግልጽ ሽፋን) እና ሌንሱን ወደ ማየት ይሄዳሉ። ዓይኑ ወደ ጆሮ በኩል አልዞር ካለ፣ ከአንጎል ከሚወጡት ነርቮች ስድስተኛው ይጠረጠራል። ደረጃ ሲወርድ ወይም ሲያነብ ምስሉ ላይና ታች የሚደረብበት ሰው ላይ የሚጠረጠረው አራተኛው ነርቭ ነው። ቆቡ ወድቆ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ካዘነበለ ደግሞ ሦስተኛው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቃውም እሱ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሲያዙ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

አትሮፒን የሚባለው የዓይን ጠብታ የተጨመረበትን ቀንና ሰዓት ካርዱ ላይ የሚጽፍ ነርስ ምርቃት ይገባዋል። ጠብታው ብሌንን ለቀናት ከፍቶ ስለሚያቆይ፣ ካልተጻፈ ቀጣዩ ሐኪም ሦስተኛው ነርቭ ሽባ ሆነ ወይስ መድኃኒቱ ነው ብሎ ይቸገራል።

እንግዲህ ጥቆማችን፦ አፍንጫ ጫፍ ወይም ጎን ላይ አንዲት ውሃ የቋጠረች ሽፍታ ብትታይ እንኳ ዓይን ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ምኒልክ ሆስፒታል አለ፤ ጎንደር ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ኦፕቶሜትሪስት የሚያሠለጥን ነው። "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ዓይን ውስጥ መጭመቅ፣ ወይም ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ዴክሳ (የስቴሮይድ ጠብታ) ገዝቶ መጨመር ኮርኒያውን ያበላሻል።

ጸረ ቫይረሱ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይዋጣል፤ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ዓይን ከተነካ ግን ቢዘገይም አይተውም። የዓይን ሽባነት ሲመጣ ብዙ ሐኪሞች በደም ሥር፣ 10 ሚሊግራም በኪሎ በየ8 ሰዓቱ ወደሚሰጠው ይሸጋገራሉ። ያኔ ኩላሊት ይመረመራል፣ ፈሳሽም በደንብ ይሰጣል። ፕሪድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ከተጨመረ ከጸረ ቫይረሱ ጋር እንጂ ብቻውን አይሆንም፤ ስኳር፣ ቲቢና ኤችአይቪ ቀድመው ይታያሉ። በተለይ ታማሚው ወጣት ከሆነ የኤችአይቪ ምርመራው አይዘለል።

ሰው የሚሳሳተው ቀጠሮ ላይ ነው። ሽባነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሽፍታው ከወጣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቁስሉ ቅርፊት ይዞ "ተሻለኝ" በሚባልበት ሰሞን ነው። ቆቡ ከዳነ በኋላ ዓይኑን ደግመው እንዲያዞሩላችሁ ሂዱ፤ ካርዱንና ያላችሁን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ።

ለድርብ ዕይታው ከባለሙያዎቹ የሚገኘው ዘዴ ርካሽ ነው፤ ቆዳው ላይ ሳይሆን የመነጽሩን አንድ መስታወት በወረቀት ፕላስተር መሸፈን። ቆዳው ገና ስለሚያቃጥል ፕላስተር አይችልም። ከዚህም ይብሳል፤ ኮርኒያው ደንዝዞ ስለሚቆይ፣ በጥብቅ ፋሻ ሥር ቆቡ በደንብ ካልተከደነ ሽፋሽፍትና ጨርቅ ሲፍቁት ታማሚው አይሰማውም። ለዚህ ነው በቀጭን ጥጥ ጫፍ ኮርኒያውን ነካ አድርገው የሚሞክሩት፣ ቢጫ ቀለም ጨምረውም በሰማያዊ ብርሃን የሚያዩት። የዓይኑ መዛነፍ መለዋወጡን ሲያቆም፣ ሁለቱን ምስሎች የሚያገጣጥም ፕሪዝም መነጽር ላይ ይለጠፋል። አብዛኛው ሽባነት በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይወስዳል። እስከዚያ መኪና መንዳት የለም።

ዓይኑ ወደ ፊት ከገፋ፣ ዕይታ ከቀነሰ፣ ወይም በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት አንድ እጅና እግር ከዛለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።