ትልቋን ሸጦ ትንሽ ሀይብሪድ መግዛት፦ ፕሪየስ፣ ሌክሰስ ሲቲ ወይስ ካምሪ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቆኛል። «ትልቋን መኪናዬን ልሸጥ ነው። ነዳጅ የማትጠጣ፣ ጸጥ ያለች፣ ጋራዥ የማታመላልስ ያገለገለች ሀይብሪድ የቷ ናት?» ሀይብሪድ ማለት የነዳጅ ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚነዷት መኪና ናት። ለእያንዳንዱ በስልክ አንድ ሰዓት ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ገለልተኛ አይደለሁም። የምነዳት ካምሪ ሀይብሪድ ናት፤ ከ2012 እስከ 2017 ከወጣው ስሪት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እሷ ጋ የደረስኩት ግን በሌላ መኪና ተሸውጄ ነው።

ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ባለ ስምንት ሲሊንደሯ ላንድክሩዘራችን ለሁለት ሰው በዛች። ሸጥናት። ገንዘቡ እጄ ላይ እንዳለ አንዲት ትንሽዬ ሀይብሪድ አገኘሁ። ዋጋዋ ከመሰሎቿ በሩብ ይቀንሳል። «ባትሪዋ አዲስ ነው፣ ገና መቀየሩ ነው» አለኝ ሻጩ። ደረሰኝም አሳየኝ። ነዳኋት። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት እንኳ የለችም። እዚያው ተስማማን።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰካና ፒ0ኤ80 የሚል ኮድ አወጣ። የሀይብሪድ ባትሪው ይቀየር ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ሳጥን ሲከፍተው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሴሎቹ እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። የሚያያይዛቸው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ መዳቡ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ያብረቀርቃል። «ጋሼ፣ አዲስ የተባሉት እነዚህን ሦስቱን ነው» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘዴው የታወቀ ነው። የሞቱትን ጥቂት ሴሎች ያወጣሉ። ከሌላ አሮጌ ባትሪ የተነቀሉ ይተካሉ። ኮዱን ያጠፋሉ። ይሸጣሉ። የቀሩት ሴሎች ግን እኩል ያረጁ ናቸው፣ ተራቸውን ጠብቀው ይወድቃሉ። አተረፍኩ ያልኩት ሩብ ዋጋ ሙሉ ባትሪ ሲገባ አለቀ፤ ከኪሴም ጨመርኩ።

ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ሻጩ የጠራውን ቁጥር ለብቻው አትያዙ። ባትሪው ከፋብሪካ የመጣው ከሆነና አስር ዓመት ካለፈው፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ጨምሩበት። ጎማ አራቱም ካለቀ ጨምሩበት። ድምሩ ነው የመኪናዋ ዋጋ። ክርክራችሁንም ከዚያ ጀምሩ። እኔ ካምሪዋን ስገዛ ይህን ድምር ወረቀት ላይ ጽፌ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ተናደደ። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለ።

አሁን ወደ ነዳጁ። ገንዘቡን እንደየነዳጃችሁ ዋጋ ታሰሉታላችሁ፣ እኔ በሊትር ልናገር። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) መለኪያ ወደ ሊትር ሲቀየር፣ ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ (እስከ 2015 ያለችው) 100 ኪሎሜትር በ4.7 ሊትር ትሄዳለች። ሌክሰስ ሲቲ 200ኤች በ5.6። ካምሪ ሀይብሪድ በ5.7። ላንድክሩዘሬ 15 ገደማ ነበር የምትጠጣው። በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ፕሪየስ 705 ሊትር፣ ሲቲ 840፣ ካምሪ 855፣ ላንድክሩዘሬ 2,250 ማለት ነው።

ሲቲና ካምሪን እዩልኝ። በዓመት የሚለያዩት 15 ሊትር ነው። አንድ ጀሪካን አይሞላም! ሲቲ ደግሞ ከካምሪ አንድ ክንድ ያህል ታጥራለች፤ አንዷ 4.32 ሜትር፣ ሌላዋ 4.81። ሁሉም «ትንሿን ልግዛ፣ ነዳጅ ትቆጥብልኛለች» ይላል። የሚያጥረው አካሏ እንጂ ወጪው አይደለም። ከላንድክሩዘር ወደ ካምሪ ስወርድ በዓመት ወደ 1,400 ሊትር ቀርቶልኛል። ፕሪየስ ብገዛ ኖሮ 150 ሊትር ይጨመርልኝ ነበር። ለ150 ሊትር ብዬ በሞተሩ ልጨነቅ?

የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ጭንቀት የሞተሩ ነው። 1.8 ሊትር ሞተሩ ኢጂአር የሚባል ነገር አለው። ከጭስ ማውጫው የተወሰነ ጭስ ወስዶ፣ አቀዝቅዞ፣ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ማቀዝቀዣው በጊዜ ብዛት በጥላሸት ይደፈናል። አንዴ መካኒኩ ከዚህ ሞተር የፈታውን አሳይቶኛል። ንብ እንደሠራችው የማር እንጀራ ብዙ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። በአንዱ በኩል የእጅ ባትሪ አብርቶ በሌላው እንዳይ ነገረኝ። ብርሃን የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች በጣት ይቆጠራሉ። የዚህ ሞተር የቴስታታ ጋስኬት (የሞተሩን የላይኛውና የታችኛውን ክፍል መጋጠሚያ የሚያሽገው) ቶሎ መበላቱን መካኒኮች ከዚህ መደፈን ጋር ያያይዙታል። ጋስኬቱ ሲበላ የራዲያተር ውሃ ሌሊት ወደ ሲሊንደር ይሰርጋል።

ምልክቱ ጠዋት ነው የሚታየው። መኪናዋ ቆማ አድራ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ትንዘፈዘፋለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትረጋጋለች። ስለዚህ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ሰላም ካላችሁ በኋላ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል። ቡና የምትጠጡበት ሰበብ ፈልጋችሁ አትመለሱ፤ በቃ ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ፣ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ፕሪየስን ሙሉ በሙሉ አልጠላትም። ኢጂአሩ በየጊዜው መጠረጉን የሚያሳይ ወረቀት ያላት፣ ባለቤቷ አንድ ሰው የሆነ፣ ጥሩ መኪና ናት። ከ2016 ጀምሮ የወጣችው አራተኛው ትውልድ ደግሞ ጸጥታዋም አነዳዷም በብዙ ይሻላል። ዋጋዋም ያንኑ ያህል ይወጣል። ሦስተኛዋ ግን ዳገት ላይ ስትረግጧት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አብሮ አይመጣም። ጸጥታ ለምዶ ከትልቅ መኪና ለወረደ ሰው ይህ ያበሳጫል።

ሌክሰስ ሲቲ ጋ ስንመጣ ሰው የሚሸነፈው በአርማው ነው። ውስጧ ያማረ ነው፣ ወንበሯ ምቹ ነው፣ በሯ ሲዘጋ የሚሰጠው ድምፅ ደስ ይላል። ኮፈኑን ስትከፍቱት ግን ያው 1.8 የፕሪየስ ሞተር ነው። ያው ኢጂአር። ያው 201.6 ቮልት ባትሪ። ለአርማው ጨምራችሁ የፕሪየስን ችግር ትገዛላችሁ። አነዳዷም ደረቅ ያለ ነው፤ ሸካራ አስፋልት ላይ የጎማው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል። የኋላ ወንበሯ ረጅም ሰው አይችልም። እኔ ስፈልግ የነበረ ጊዜ ያየኋቸው ሲቲዎች ከእኩያ ዓመት ካምሪ የሚበልጥ ዋጋ ነበር የሚጠራባቸው። ለምኑ? እስካሁን አልገባኝም።

ካምሪ ከእነዚህ የምትለየው በሞተሯ ነው። 2.5 ሊትር ነው፤ ከኤሌክትሪኩ ጋር 200 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሞተሩ ሰፊ ስለሆነ አይጨነቅም፤ ስለማይጨነቅም አይጮኽም። በ110 ስትሄዱ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር በሹክሹክታ ማውራት ትችላላችሁ። ሞተሪኖ የላትም። ዲናሞ የላትም። ፍሪሲዮን የላትም። ሞተሩ ላይ አንድም ቺንጊያ የለም፤ የውሃ ፓምፑም ኤሲውም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ማርሿ በጥርስ የተያያዘ ነው፤ ዘይቱን እስከቀየራችሁ ድረስ የሚያልቅ ነገር ብዙ የለውም። የፍሬን ሸራም መኪናዋ ፍጥነት ስትቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዛት ዓመታት ይቆያል። ይህ የፍሬኑ ነገር ለሌሎቹም ይሠራል፣ እውነቱን ለመናገር።

እንከኖቿም አሉ። ባትሪዋ 34 ሴል ነው፤ የፕሪየስና የሲቲ 28። መቀየር ሲመጣ በዚያው ልክ ይወደዳል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ጀርባ ስለተቀመጠ ከዕቃ መጫኛው ይቆርሳል። መልኳም... ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ለእኔ ይህ እንከን አይደለም፤ ለሌባም አትስብም።

የእሷ እህት ሌክሰስ ኢኤስ 300ኤች ናት። ያው 2.5 ሞተር፣ ያው የማርሽ ክፍል፣ የበለጠ ድምፅ መከላከያ። ከሁሉም ጸጥ ያለችው እሷ ናት። ዕድሜ ሲጨምር በሁለቱ መሃል ያለው የዋጋ ልዩነት ይጠባል፤ ደህና ካገኛችሁ ግዟት፣ አልቀየማችሁም። መብራቷና ፓራውልቷ ግን የሌክሰስ ዋጋ ናቸው። አንድ ፋኖስ ሲሰበር ዋጋዋ ይገባችኋል። ደግሞ 4.9 ሜትር ናት፤ ከላንድክሩዘሬ አንድ ስንዝር እንኳ አታጥርም። የመኪና ማቆሚያችሁ ጠባብ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸውና ኮሮላ ሀይብሪድ ፈልጉ፤ አዲስ ስለሆነች ትወደዳለች እንጂ አታሳፍርም። ከ2006 እስከ 2011 ያለችውን ሲቪክ ሀይብሪድ በርካሽ ስታዩ ምራቃችሁን አትዋጡ፤ ባትሪዋ ቶሎ በመድከም ስሟ የጠፋ ናት። ኪያ ኒሮ ጥሩ ናት፣ ግን ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ማርሽ ነው ያላት፤ እኔ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር እንዲቀርልኝ ነው ሀይብሪድ የገዛሁት።

የትኛዋንም ብትመርጡ ስትሄዱ ኮድ ማንበቢያ ይዛችሁ ሂዱ። የማስጠንቀቂያ መብራት አለመኖሩ ምንም ማለት አይደለም፤ እኔም አላየሁም። ማንበቢያው ኮዱ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎሜትር እንደተነዳ ይነግራችኋል። አርባ ኪሎሜትር ካለ ትናንት የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል። ዶክተር ፕሪየስ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ የባትሪውን ክፍሎች ቮልት ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ስትረግጡና ስትለቁ ሁሉም እኩል መውጣትና መውረድ አለባቸው። አንዱ ብቻ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ያ ነው የታመመው። ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለውን የባትሪ መተንፈሻም እዩት። በአቧራና በውሻ ጸጉር ከተደፈነ ባትሪው ሲቀቀል ነው የኖረው።

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ከፊት ዝዝዝ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። የፍሬን ፓምፕ ነው፣ አትደንግጡ፣ ጥቂት ሰከንድ ጮኾ ዝም ማለት አለበት። ፍሬን ሳትነኩ በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ ግን ግፊቱ እያፈሰ ነው። ይህ ዕቃ ከባትሪው ቀጥሎ ኪስ የሚያራቁት ነው።

መኪናዋን አሽቅብ አንስታችሁ የጭስ ማውጫውን እዩ። የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በውስጡ ባለው ውድ ብረት የተነሳ ይሰረቃል፤ በተለይ ከፕሪየስ። ባለቤቱ በምትኩ ኮፒ ያስገባል። ኮፒው ጥቂት ወር ይሠራና ፒ0420 የሚል ኮድ ያበራል፣ ኦርጅናሉን ለመግዛት ስትጠይቁ ደግሞ ዋጋው ያስደነግጣል። ብየዳው አዲስ ከሆነ ጠይቁ። የባትሪም ኮፒ አለ፤ ስም የሌለው፣ ዋስትናው ከሱቁ በር የማያልፍ። ባትሪ ተቀይሯል ካሏችሁ ማን እንደቀየረው፣ ሙሉ ይሁን ጥቂት ሴል፣ ዋስትናው ወደ እናንተ ይዛወር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ደረሰኝ ብቻ አይበቃም። እኔ ደረሰኝ ነበረኝ።

አንድ በተቃራኒው የሚሠራ ነገርም አለ። ሀይብሪድ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት፣ ብዙ ጊዜ ዕቃ መጫኛው ውስጥ። እሱ ሲደክም መኪናዋ ያልሆነ መብራት ሁሉ ታበራለች። ባለቤቱ ትልቁ ባትሪ የሞተ ይመስለውና በድንጋጤ ዋጋ ሊጥል ይችላል። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው እዚያ ጋ ዕድለኛ ነው። ካምሪዬን ያገኘኋት እንዲህ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም፣ ያንን ዕድል ያገኘው ጎረቤቴ ነው።

ከአራቱ ጠያቂዎች ሁለቱ ካምሪ እየፈለጉ ነው። አንዱ አሁንም ትልቋን መሸጥ አልሆነለትም። አራተኛዋ እህቴ ናት። ይህን ሁሉ ሰምታ ሲቲዋን ገዛች። ቀይ ስለሆነች። ኢጂአሯን ግን ከመንዳቷ በፊት አስጠርጋለች፤ የወጣውን ጥላሸት ፎቶ አንስታ ልካልኛለች።